ማንጎ የማይበስልበት፣ ክሬም የማይረጋበት ኩሽና

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ሠላሳ ሰው የምታስተናግድ ምግብ ቤት ከከፈትኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በሩ ላይ ‘ከማሳ ወደ ገበታ’ የሚል ሰሌዳ ሰቅያለሁ። ወንድሜ መቂ ላይ ፓፓያ ያለማል፤ ማንጎ ከአርባ ምንጭ በትውውቅ ይመጣልኛል፤ የባለቤቴ ቤተሰቦች ደግሞ ሆለታ ግቢያቸው ውስጥ የኮክ ዛፎች አሏቸው። ፍራፍሬውን ጁስ ብቻ ከማደርገው ምግብ ልሥራበት ብዬ ዓመቱን ሙሉ የሚቀርቡ አምስት ምግቦችን ሜኑ ላይ አሳተምኩ። አሁን ግን የፓፓያ ክሬሜ አይረጋም፤ ሲያድርም ይመራል። የማንጎ ማርማላታዬ መጽሐፉ እንደሚለው 105 ዲግሪ እስኪደርስ ስጠብቀው ይጠቁራል። ከሰኔ ወዲህ የመጣው ማንጎ ሳይበስል ይጨማደዳል። ብርቱካኑን ‘አረንጓዴ ነው፣ አልበሰለም’ እያሉ ይመልሱልኛል፤ ፍራፍሬ ያለበትን ምግብም ‘ይጣፍጣል፣ ግን ምሳ አይደለም’ ይሉኛል። ወንድሜና ነጋዴው ጥሬውን እየላኩብኝ ይሆን? ክሬሙን የሚያረጋ፣ ማርማላታውን የሚያቆይ ዱቄት ካለስ የትኛውን ልግዛ?»

መልስ፦ ወንድምዎን አይጠርጥሩ። ማንጎው ላይ አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ፤ ማንጎው ግን የወንድምዎ አይደለም። የቀረው ችግር አብዛኛው የተወለደው እዚሁ አራት ኪሎ፣ እርስዎ ኩሽና ውስጥ ነው። ዱቄቱን በተመለከተ፣ እሳት ያልነካውን ፓፓያ ክሬም ከሚያረጋው ጄላቲን ጋር የሚያስታርቅ ዱቄት የለም። ማርማላታ የሚያቆዩ፣ እንደ ሶዲየም ቤንዞዌት ያሉ ነገሮች አሉ፤ የሚሠሩት ግን ምግቡ በበቂ ሁኔታ ጎምዛዛ ሲሆን ብቻ ነውና ዞረው ዞረው ወደ ሎሚ ይመልሱዎታል። ደግሞስ ያረረ ማርማላታ ቢቆይ ምን ይጠቅማል?

ከፓፓያው ልጀምር፤ ነገሩ ቀላል ነው። እሳት ያልነካው ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን የሚባል፣ ፕሮቲንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። ጠንካራ ሥጋ ለማለስለስ ፓፓያ የሚደረግበት ምክንያት ይኸው ነው። ጄላቲን ፕሮቲን ነው፤ ወተትም ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ጄላቲኑ ክሬሙን ሊያረጋ መረቡን ሲዘረጋ ፓፓያው ከሥር ከሥሩ ይበጥሰዋል። ያ ሳያንስ የወተቱን ፕሮቲን መቆራረጥ ይቀጥላል፤ ፍርፋሪው ደግሞ መራራ ነው። በማግሥቱ የሚቀምሱት ምሬት ይህ እንጂ የፓፓያው መበላሸት አይደለም። የጄላቲኑን መጠን እጥፍ ቢያደርጉት ለኢንዛይሙ ተጨማሪ ቀለብ ሰፈሩለት ማለት ነው። አናናስም እንዲሁ ያደርጋል። ማንጎ፣ ኮክና እንጆሪ ግን ይህ ጠባይ የለባቸውም።

መውጫው ሦስት ነው። አንደኛው ፓፓያውን ቆራርጦ ውስጡ ድረስ እስኪግል አምስት ደቂቃ ያህል ማፍላት፣ ከዚያ አቀዝቅዞ ከክሬሙ ጋር ማዋሐድ ነው፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ችግሩ የተቀቀለ ፓፓያ ጣዕሙ ወደ ዱባ መሄዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ዱባን በወጥ እንጂ በክሬም አልወደውም። ሁለተኛው በኮርን ስታርች ማወፈር ነው። ስታርች ፕሮቲን ስላልሆነ ፓፔይን አይነካውም፤ ወተት ካለበት ግን ምሬቱ ያው ይመጣል። ለጾም፣ በኮኮናት ወተት ወይም በውሃና በስኳር ሲሠራ ጥሩ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሎሚውን የሚጨምሩት ስታርቹ ከወፈረና ከእሳት ከወረደ በኋላ ይሁን፤ ቀድመው ከጨመሩት አብሮ እየፈላ መልሶ ያቀጥነዋል። ሦስተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ሁለቱን አለማጋባት ነው። ክሬሙን ለብቻው እንዲረጋ ያድርጉ፤ ፓፓያውን በሎሚ አሽተው አስተናጋጁ ሳህኑን ሊያነሣ ሲል ከላይ ያስቀምጡት። ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ደንበኛው ይጨርሰዋል።

ስለ ጄላቲን ካነሣሁ አይቀር፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነውና «የጾም» በሚል መስመር ሥር ያስገቡት ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡት። ለሙስሊም ደንበኞችዎም ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ማወቅ ግዴታዎ ነው። ከባሕር አረም የሚሠራው አጋር አጋር ሁለቱንም ጭቅጭቅ ያስቀራል። የፓፓያውን ጠባይ ደግሞ ለመልካም ይጠቀሙበት፤ ያልበሰለውን ቀጭን ቀጭን አድርገው ቆርጠው ለጥብስ በተከተፈ ጠንካራ ሥጋ መካከል ለግማሽ ሰዓት ያስቀምጡና ያንሡት። እንዲያድር አይተዉት፤ ጠዋት የሚያገኙት ሥጋ ሳይሆን የላመ ጉበት የሚመስል ነገር ነው።

ወደ ማርማላታው ልምጣ፤ ይህኛው እኔንም ያስለቀሰኝ ጉዳይ ነው። በሙያው ጀማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ሆቴል ውስጥ ስምንት ኪሎ የብርቱካን ማርማላታ እንድሠራ ታዘዝኩ። መጽሐፉ 105 ዲግሪ ይላል፤ እኔም ቴርሞሜትሩን ይዤ ድስቱ ላይ ቆምኩ። 97፣ 98፣ 99። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አያልቅም። ቀለሙ ከወርቅ ወደ ቡና ሲሄድ እያየሁ «መጽሐፉ ገና ነው ብሏል» ብዬ ጠበቅኩ። ለቁርስ የደረሰው እንደ ሬንጅ ከማንኪያ የማይላቀቅ ጥቁር ነገር ነበር። አለቃዬ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ አስገዛ፤ በአዲሱም ያንኑ ደገምኩት።

ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ መጽሐፉም አልዋሸም። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ማርማላታ የሚደርሰው ደግሞ ስኳሩ ከጠቅላላ ክብደቱ 65 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ማለትም ከውሃ መፍያ አራት ወይም አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። የ105 ምስጢር ይኸው ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የአራት ኪሎ ማርማላታ የሚደርሰው በ96 እና በ97 ዲግሪ መካከል ነው። እርስዎ 105 ሲጠብቁ ከመፍያው አሥራ ሦስት ዲግሪ አልፈው ሄደዋል፤ ያ የማርማላታ ሳይሆን የከረሜላ ጎራ ነው። ማንጎው ያረረው እርስዎ ቸልተኛ ስለሆኑ ሳይሆን ከልክ በላይ ታዛዥ ስለሆኑ ነው።

እኔ የነገርኩዎትንም ቁጥር ቢሆን በእምነት አይቀበሉት። ድስት ውስጥ ንጹሕ ውሃ ያፍሉና ቴርሞሜትርዎን ይክተቱ፤ ጫፉ የድስቱን ታች እንዳይነካ። የሚያነቡት ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ በዚያ ላይ አራት ተኩል ይጨምሩና ግድግዳው ላይ ይጻፉት። ይህ ዘዴ የቴርሞሜትሩን ስሕተትም ጭምር ስለሚያርም ከእኔ ቁጥር ይበልጣል።

አሠራሩም ላይ ጥቂት ልበል። አንድ ኪሎ የተላጠ የማንጎ ሥጋ፣ ሰባት መቶ ግራም ስኳር፣ የሁለት ወይም የሦስት ሎሚ ጭማቂ። ከሁለት ኪሎ በላይ በአንድ ጊዜ አይሥሩ፤ ብዛቱ ሲጨምር መፍያ ጊዜው ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥር ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል። ድስቱ ሰፊና ዝቅ ያለ ይሁን። በጣም የበሰለ ማንጎ ፔክቲኑ፣ ማለትም ማርማላታን የሚያረጋው ነገር፣ ስለሚላላ ሩቡን ያህል ያልበሰለ ቢቀላቅሉበት ይረጋል። የጨመቁትን ሎሚ ፍሬና ነጩን የልጣጭ ሥጋ በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ቋጥረው አብሮ እንዲፈላ ያድርጉ፤ ፔክቲን የሞላው እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ አረፋው ደቃቅና ፈጣን ነው፤ ድምፁም እንደ ዝናብ ነው። ሲቃረብ አረፋው ይተልቃል፣ ይዘገያል፤ ገንፎ ሲበስል እንደሚለው «ቡፍ፣ ቡፍ» ይጀምራል። እጅዎን ይጠብቁ፣ ሲፈናጠር ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ እሳቱን ያጥፉና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት ሳህን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ ያድርጉ። አንድ ደቂቃ ቆይተው በጣትዎ ሲገፉት ቆዳው ከተጨማደደ ደርሷል፤ ካልተጨማደደ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። እሳቱን ሳያጠፉ ሳህኑን የሚጠብቅ ሰው ሳህኑ መልስ እስኪሰጠው ድስቱ ያልፍበታል።

አሁን የማልደራደርበትን ጥንቃቄ ልናገር። ፓፓያና ሙዝ አሲዳቸው አነስተኛ ነው፤ በጣም የበሰለ ማንጎም አንዳንዴ እንዲሁ ነው። እነዚህን ስኳር ቀንሰው፣ ሎሚ ሳይጨምሩ፣ ጠርሙስ ውስጥ አሽገው መደርደሪያ ላይ ማቆየት ቦቱሊዝም ለሚባለው ገዳይ የምግብ መመረዝ በር መክፈት ነው። የዚህ በሽታ ባክቴሪያ ዘር በሚፈላ ውሃ አይሞትም፤ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ያልሞተው እኛ ዘንድ በ92 ዲግሪ ጨርሶ አይነካም። የሚያግደው አሲድ ነው፤ ፒኤቹ (አሲዱ ሲበዛ ዝቅ የሚለው መለኪያ) ከ4.6 በታች ሲሆን መርዙን ማፍራት አይችልም። ስለዚህ ሎሚ ለጣዕም የሚጨመር ጌጥ አይደለም። እርስዎ መለኪያ ስለሌለዎት የምመክርዎ አጭር ነው፦ ምንም ዓይነት የፍራፍሬ ማርማላታ መደርደሪያ ላይ አያሳድሩ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፣ በሁለት ሳምንት የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሥሩ፣ «ለስጦታ» ተብሎ በጠርሙስ ለመሸጥም አይቸኩሉ። ክዳኑ ያበጠ ወይም ሲከፈት «ፉሽ» ያለ ጠርሙስ ሳይቀመስ ይወገዳል።

ማንጎው ለምን ይጨማደዳል? ማንጎ ከዛፍ ከወረደ በኋላ የሚበስል ፍሬ ነው፤ ለመብሰል ግን ሙቀት ይፈልጋል፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ። ከ12 ዲግሪ በታች ለቀናት ከቆየ ብርድ ይመታዋል፤ ቆዳው አመዳም ይሆናል፣ ሥጋው እንደ ቡሽ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሙቀት ቢመልሱትም አይድንም። የአዲስ አበባን የሐምሌ ሌሊት ያስቡት። የእርስዎን ዕቃ ቤት ባላየውም ሲሚንቶ ወለል ላይ በማዳበሪያ እንደተከመረ እገምታለሁ። አንዳንዶች ደግሞ «እንዳይበላሽ» ብለው ጥሬውን ማንጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከቱታል፤ ያኔ ጉዳዩ አለቀ። ሙዝም እንዲሁ ነው፤ ከ13 ዲግሪ በታች ይጠቁራል።

መፍትሔው ያለው እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል ውስጥ ነው። ከምጣዱ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ መደርደሪያ ያሠሩ። ማንጎውን በአንድ ረድፍ ካርቶን ውስጥ ደርድረው ሁለት የበሰለ ሙዝ ያስገቡበት፤ ሙዙ የሚለቀው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ሌላውን ያነቃቃል። ካርቶኑ መተንፈሻ ይኑረው፤ በየጠዋቱ እየፈተሹ የበሰለውን ያውጡ። የበሰለው ብቻ ማቀዝቀዣ ይገባል። ካርባይድ ተጠቀም የሚልዎት ሰው ካለ ከበር ይመልሱት። ከካርባይድ የሚወጣው ጋዝ ቆዳውን ቢጫ ያደርገዋል፣ ውስጡን ግን አያጣፍጠውም፤ የአርሴኒክና የፎስፈረስ ቅሪትም ሊኖረው ይችላል። አንዳንድ የሙዝ ማብሰያ ቤቶች ኬሮሲን አጭሰው እንደሚያበስሉ የታወቀ ነው፤ ሙዝ ሲገዙ ቅርንጫፉን አሽትቱ፣ ጋዝ ጋዝ ካለ ይተዉት።

መጀመሪያ የጠቀስኩት ጥርጣሬ ይህ ነው፦ የወቅቱ ማለቂያ ላይ ያልጠገበ ማንጎ ተለቅሞ ሊሆን ይችላል። መለያው ትከሻው ነው። ግንዱ የነበረበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ዙሪያው ሞልቶ ከግንዱ በላይ ከፍ ካለ ፍሬው ጠግቧል፣ ይበስላል። ትከሻው ወደ ታች ካዘቀዘቀ ገና ልጅ ነው፣ የትም ቢያስቀምጡት አይበስል። እንዲህ ያለውን አይጣሉት፤ ጥቅሙን ከታች እነግርዎታለሁ።

ብርቱካኑ ላይ የተሳሳቱት ደንበኞችዎ ናቸው። የብርቱካን ቆዳ ወደ ብርቱካንማ የሚለወጠው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለ ሞቃት ስፍራ የሚበቅል ብርቱካን ውስጡ ማር ሆኖ ቆዳው አረንጓዴ ሊቀር ይችላል። በሌላ በኩል ብርቱካን፣ ሎሚ፣ አናናስ፣ ወይን፣ እንጆሪ፣ ሮማንና የቁልቋል በለስ ከተለቀሙ በኋላ ጣፋጭነት አይጨምሩም፤ «ቤት ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚለው ለማንጎ፣ ለፓፓያ፣ ለሙዝ፣ ለአቮካዶና ለኮክ እንጂ ለእነዚህ አይሠራም። ስለዚህ ብርቱካን ሲገዙ አንዱን አስቆርጠው ይቅመሱ። ፒያሳ አትክልት ተራ በነበረበት ዘመን ሳይቀምሱ የሚገዛ የምግብ ቤት ሰው እንደ ሞኝ ይታይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ የመሀል ከተማ ሰው በስልክ ማዘዝ ለመደ፤ በስልክ ደግሞ አይቀመስም። ደንበኛው ፊት ግን ክርክር አይግጠሙ፤ ብርቱካኑን ልጠውና ቆራርጠው ያቅርቡ፣ ቆዳውን ማን ያየዋል?

«ምሳ አይደለም» የሚለው ቅሬታ ከሁሉም ይበልጥ ሊያሳስብዎ ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም ትክክል ናቸው። በእኛ ገበታ ላይ ጣፋጭ ነገር ከወጥ ጋር አይቀመጥም። እንጀራው ራሱ ጎምዛዛ ነው፣ በርበሬው ያቃጥላል፤ በዚህ መሃል የበሰለ ማንጎ ሲገባ እንግዳ ይሆናል። የውጭ መጽሐፎች ሥጋን ከጣፋጭ ፍራፍሬ ጋር ያጋባሉ፤ እዚያ ዳቦና ድንች አብሮት ስለሚቀርብ ያስኬዳል። እኛ ዘንድ ፍራፍሬ ወደ ምሳ የሚገባበት በር የሎሚና የቲማቲም በር ነው፤ ማለትም ጎምዛዛ ሆኖ፣ ከቃሪያ ጋር። ያ ትከሻው ያልሞላ ማንጎ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ልጠው እንደ ክብሪት እንጨት በቀጭኑ ይቁረጡት፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣለት ቃሪያ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ጥቂት ዘይት። አሥር ደቂቃ ይቆይና ከሽምብራ አሳ ጎን ያስቀምጡት፤ ፍስክ ሲሆን ከጥብስ ጎን። ማንም «ፍራፍሬ ነው» ብሎ አይጠይቅዎትም፣ ተጨማሪ ይጠይቃል እንጂ። ብርድ የመታውን አመዳሙን ግን ለዚህም አይጠቀሙበት፤ ጣዕም የለውም።

አቮካዶን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ አያሙቁት፣ ይመራል።

እንግዲህ ሜኑው። ያሳተሙትን ያውርዱ። ሰሌዳዎ «ከማሳ ወደ ገበታ» ብሎ ሜኑዎ በጥር ማንጎ፣ በግንቦት በለስ ቃል ከገባ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ማንጎ አብዛኛው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው። ኮክ ክረምት ሲገባ ይወጣል፤ በለስም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፣ በጋሪ ላይ እየላጡ ሲሸጡት እንደሚያዩት። ፓፓያና ሙዝ ዓመቱን ሙሉ አይጠፉም። ጾምን ደግሞ አብረው ያስሉ፤ በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ጁስ ቤቱ ሁሉ አቮካዶና ፓፓያ ስለሚሻማ እርስዎ በቋሚ ዋጋ ልይዝ ማለት አይችሉም። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይግዙ፤ የዕለቱን ፍራፍሬ የሚጠቀሙ ሦስት ምግቦች ብቻ ይጻፉበት፣ አንድ ከምሳ ጋር የሚሄድ፣ አንድ ጣፋጭ፣ አንድ መጠጥ። ሲያልቅ ይጥፋ። ከገበያ የገዙት ከሆነ «የመቂ ፓፓያ» ብለው አይጻፉ፤ ደንበኛ አንዴ ካወቀብዎ ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን ወጡንም ይጠራጠራል።

ፍልሰታ እየመጣ ስለሆነ ለጣፋጩ ከኮኩ ይጀምሩ። የእኛ የደጋ ኮክ አብዛኛው ትንሽ፣ ነጭ ሥጋ ያለውና ከፍሬው የማይላቀቅ ነው፤ ለሁለት ልክፈለው ብለው አይታገሉት፣ እንዳለ ይቀቀል። ለአንድ ሊትር ውሃ ሦስት መቶ ግራም ማር፣ አራት የተፈነከተ ኮረሪማ፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭና ጭማቂ። ሽሮፑ ሲፈላ ኮኩን ከነቆዳው ያስገቡና እሳቱን ቀንሰው ውሃው እየተንቀጠቀጠ እንጂ እየተንተከተከ እንዳይሆን ያድርጉ፤ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ። ሹካ ያለ ትግል ሲገባ ያውርዱ፣ በሽሮፑ ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ያኔ ቆዳው በጣት ይገፈፋል፤ ቅላቱንም ለሥጋው ሰጥቶ ይሄዳል። ሽሮፑን ግማሽ እስኪሆን መልሰው ያፍሉትና ያፍሱበት። በጾም የተቆላ ሰሊጥ ይነስንሱበት፤ ከፍልሰታ በኋላ ደግሞ ያልጎመዘዘ ለስላሳ አይብ ከሥሩ ያስቀምጡለት። ማርን በጾም የማይበሉ ደንበኞች ስላሉ አስተናጋጁ አስቀድሞ ይናገር፤ ለእነርሱ በስኳር የተሠራ ድስት ለይተው ያኑሩ። የኮኩን ፍሬ ፈልፍለው ውስጡን ለሽታ ልጨምር ቢሉ አይጨምሩ፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ሳያናይድ የሚሆን ንጥረ ነገር አለበት።

በለስ ካስገቡ የላስቲክ ጓንት ለብሰው ሁለቱን ጫፍ ቆርጠው፣ በመሃል ሰንጥቀው ቆዳውን ይግለጡት፤ ሥጋውን በወንፊት ያጥሉት። ከነፍሬው በልቶ የጠገበ ሰው በማግሥቱ የሚደርስበትን ትግራይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደንበኛዎ በእርስዎ ቤት አይማረው።

የቤትዎ ዐቅም የማይፈቅደውም አለ። የማንጎ ሥጋ ጨምቆ ማቀዝቀዝ ለጥር ይደርሳል የሚል ምክር ይሰሙ ይሆናል፤ ጄኔሬተር ለሌለው ቤት አልመክረውም። መብራት ጠፍቶ የቀለጠ ዳግም አይቀዘቅዝም፣ የዚያኑ ዕለት ማርማላታ ካልሆነ ይጣላል። የተቆረጠ ፍራፍሬ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቆይ። ውሃ የሚጠፋበት ቀን ካለ ለፍራፍሬ ማጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ለብቻ ይቀመጥ፤ ፓፓያን የምንልጠው ቢሆንም ቢላዋው በቆዳው ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ወደ ሥጋው ይገባል።

ዋጋ ሲያወጡም አንድ ኪሎ ማንጎ ልጠው ሥጋውን ይመዝኑ። የአገራችን ቃጫማ ማንጎ ፍሬው ትልቅ ነው፤ እኔ ስመዝነው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ብዙም አላለፈም። በኪሎ የከፈሉትን በሥጋው ክብደት ካላካፈሉ እየሸጡ ይከስራሉ።

ለወንድምዎ ዛሬ ይደውሉ፤ ለመጠርጠር ሳይሆን ለመስማማት። አይሱዙ ሙሉ በሳምንት አንዴ መላኩን ይተውና ማክሰኞና ዓርብ ጥቂት ጥቂት ይላክ። በማዳበሪያ ሳይሆን በፕላስቲክ ሣጥን፣ በሣጥኑ ታች ጭድ፣ አንድ ረድፍ ብቻ። ፓፓያውን ግንዱን ትንሽ አስቀርቶ በቢላዋ ይቁረጠው እንጂ አይጠምዝዘው፤ ቆዳው ላይ ቢጫ ጭረት ብቅ ያለበትን ለጣፋጭ፣ ገና አረንጓዴ የሆኑትን ሁለት ሦስት ፍሬዎች ደግሞ ለሥጋው ለይቶ ያስቀምጥልዎት።